ለእህቴ ሠርግ የመረጥነው ቀለም

«ነይ! የያዝሽውን ጥለሽ ነይ!» አለችኝ ጓደኛዬ በስልክ።

አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ምን ተፈጠረ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጓደኛዬ በከተማችን ፒያሳ ላይ ከአባቷ ጋር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ ከአዲስ አበባ ያዘዘችልኝን ቀለም ስንጠብቅ ሰንብተናል። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁና ባጃጅ ያዝኩ።

ታናሽ እህቴ ጥር ላይ ልታገባ ነው። የሠርግ ጥሪዋን እንደ ሰው ሁሉ ማተሚያ ቤት ልትሰጥ ስትል «እኔ በእጄ እጽፍልሻለሁ» ብዬ ያዝኳት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። በኋላ ስሟን በቀለም ብዕሬ፣ በዚያ በሰፊው ጫፉ ጽፌ ሳሳያት ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችውና «እሺ፣ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሰማያዊ እንዳይሆን» አለችኝ።

እኔም ተራ ቀለም አላማረኝም ነበር። አንዳንድ ቀለም አለ፣ ብዕሩ ፈጠን ሲል ይሳሳል፣ ቆም ሲል ይጠራቀምና ይጠቁራል፤ አንዲት ፊደል ውስጥ ሁለት ሦስት መልክ ያወጣል። የኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። የ«ሠ» እግሮች ከላይ ፈዘዝ ብለው ይጀምሩና ታች ሲደርሱ ድምቅ ይላሉ። ይህን ነበር የምፈልገው።

ሱቁ ስደርስ ካርቶኑ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። «ሳልከፍተው የጠበቅኩሽ በስንት ትግል ነው!» አለችኝ፤ ወዲያው በመቀስ ቀደደችው። በጋዜጣ የተጠቀለሉ ትንንሽ ጠርሙሶች! እንደ ልጅ ተሻማን። እሷ ትፈታለች፣ እኔ ብዕሬን በብርጭቆ ውኃ እያጠብኩ እነክራለሁ። «ሠርግ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እስኪደርቅ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ወረቀቱ ላይ እናፈጣለን። አረንጓዴው እርጥብ ሳለ የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል መስሎ አስጎመጀን፣ ሲደርቅ ግን አንድ ወጥ ሆነና አረፈው። ወይን ጠጁ ግን! አጀማመሩ ቀላ ያለ፣ አጨራረሱ ጥቁር፤ ቀዩና ጥቁሩ አብሮ እንደሚታይበት የዱር እንጆሪ። እኔና ጓደኛዬ ተቃቅፈን ጮህን።

አባቷ ከጥግ ወንበራቸው ቀና ብለው «ምንድን ነው? ሎተሪ ወጣላችሁ እንዴ?» አሉን።

«ከሎተሪ ይበልጣል፣ አባባ! ይዩት እስቲ!» አለች ጓደኛዬ።

ወረቀቱን አርቀው ይዘው አዩት። «ማሻአላህ፣ ያምራል» አሉ። ደስታችን ደስ ብሏቸው እንጂ ቀለሙ ምን እንደ ሆነ የገባቸው አልመሰለኝም።

ይኼኔ እህቴ ከሥራ ወጥታ መጣች፤ ለጥሪው የገዛችውን ወረቀት ይዛለች። ዳር ዳሩ ወርቃማ፣ ሲነኩት ለስለስ የሚል። ተጣድፌ በወይን ጠጁ ጻፍኩበት። ወረቀቱ ቀለሙን ጥጥ ውኃ እንደሚጠጣ ጠጣው። ፊደሉ ጠጉር አወጣ፣ ያ ሁሉ ውበት ጠፍቶ የፈሰሰ ቀይ ሥር መሰለ።

«ተይው በቃ፣ ይታተማል» አለች እህቴ።

«ቆይ! ቆይ!» ጓደኛዬ መደርደሪያው ሥር ገብታ ስትጎለጉል ቆይታ አቧራ ለብሳ ወጣች። በእጇ ትምህርት ቤቶች ለምስክር ወረቀት ከሷ የሚገዙትን ወፈር ያለ ልሙጥ ወረቀት ይዛለች። እንደገና ጻፍኩ። እንጆሪው ተመለሰ! እንዲያውም ከቅድሙ በለጠ። እኔ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ክዳኑን ልዘጋ ስል፣ እህቴ ማንም ያልነካውን ጠርሙስ አነሳች። እኛማ ጠርሙሱ ውስጥ የቀጠነ ሻይ ስለመሰለን ንቀን ትተነዋል።

«ይኼስ ምነው ተረሳ? ጻፊልኝ።»

«ቡኒ ለሠርግ?»

«ጻፊልኝ ብያለሁ፣ እታለም!»

ጻፍኩ። መጀመሪያ የተለየ ነገር አልታየም። ከዚያ መድረቅ ጀመረ፤ ሦስታችንም አጎነበስን። ከላይ ጠጅ ይመስላል፣ ታች የተቆላ ቡና፣ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ጌሾ ጌሾ የሚል አረንጓዴ ብቅ አለ። እህቴ ወረቀቱን ነጥቃኝ ሮጣ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። መንገድ ዳር ቆማ በፀሐይ ወዲያ ወዲህ ታገላብጠዋለች፤ አላፊ አግዳሚው ያየናል።

«ይኼ ነው የኔ!» አለች።

«ወይን ጠጁስ?» አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ እዚያው ነበር።

«ለአንቺ ሠርግ ታደርጊዋለሽ። ይኼ የኔ ነው።»

ተከራከርኩ፣ ግን እየሳቅኩ። ፊቷን ሳይ መሸነፍ እንደዚያ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጥሪውን ጽፌ ስጨርስ የመጀመሪያውን ይዤ ቁስቋም ሰፈር አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ተቀብላኝ ገና ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ውይ ልጄ፣ ውኃ ነክቶት ነው? እዚህ እዚህ ጋ ፈዟል እኮ።»

«አልነካውም፣ እትዬ። እንዲያ እንዲሆን ነው የመረጥነው። እስቲ ወደ መስኮቱ አድርገሽ እዪው።»

ተነሥታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። አዘነበለችው፣ መለሰችው፣ እንደገና አዘነበለችው። «ወይ ጉድ! ቀለሙ ይሄዳል እኮ! ወርቅ አይደል ይኼ? አይ፣ አረንጓዴም አለው። ኧረ ሸጋ ነው!» ባሏ ጩኸቷን ሰምቶ ከጓሮ መጣ። እጁን ሲዘረጋ «በጭቃ እጅህ እንዳትነካው!» ብላ ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ኧረ እሺ። ሠርጉ መቼ ነው ታዲያ?» አላት።

«እሱን ገና አላነበብኩትም!»