እጅ የተጫነበት የናስ ሰው

ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በመንግሥት ወረቀት ላይ ብትፈልጉት ስለማታገኙት ነው። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። ወጣትነቱን ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር፣ ጣሪያ ላይና ምድር ቤት ውስጥ ሽቦ ሲዘረጋ ጨርሶ፣ ጠጉሩ ሲሸብት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣ፣ አንድ የወገብ ሕመምና አንድ የሙያ ምስክር ወረቀት ነው። ሕመሙ ማንም ሳይተረጉመው ለሁላችንም ገባን። ወረቀቱ ነው ጉድ ያፈላው።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከሱቄ ፊት ለፊት የሙያ ፈቃድ መስጫ ቢሮ አለ፤ ከእሱ ጎን ደግሞ የሕጋዊ ተርጓሚዎች ቢሮ። ሰው ጠዋት ፀጉሩን አበጥሮ ሲገባ አየዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ ደግሞ እኔን ይቆጣኛል፣ ያጠፋው የኔ ማሽን ይመስል። ስለዚህ የምነግራችሁ በወሬ ወሬ የሰማሁትን አይደለም።

ጋሼ እንደተመለሰ ሥራ ለማግኘት አልተቸገረም። አዲስ የሚከፈተው የእናቶች ሆስፒታል መሐንዲስ እጁን አይቶ ወደደው። «ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ መብራት እንዳይጠፋብኝ የሚጠብቅልኝ ሰው አንተ ነህ። ፈቃድህን ብቻ አምጣልኝ፤ እስክንከፍት ቦታውን እይዝልሃለሁ» አለው። ያን ቀን ጋሼ እየዘፈነ ቤቱ ገባ። እትዬ፣ ሚስቱ፣ ሲዘፍን ሰምታው ስለማታውቅ ትኩሳት እንዳለው ለማወቅ ግንባሩን ዳበሰችው።

ፈቃዱ እንዲሰጠው ምስክር ወረቀቱ በሕጋዊ ተርጓሚ መተርጎም ነበረበት። የዕብራይስጥ ሕጋዊ ተርጓሚ ደግሞ በከተማው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ማኅተማቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉት አባ ማኅተም እንላቸዋለን። እሳቸው ዕብራይስጥን የተማሩት ከጥንት መጻሕፍት ነው። ከጥንት ነቢያት ጋር ቢገናኙ ተከራክረው፣ ተሳስቀው፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ዕብራይስጥ የሚናገር ታክሲ ነጂ ቢያጋጥማቸው ግን ሒሳብ መጠየቅ እንኳ አይችሉም።

ከዚህ በፊት የአንድ ሾፌርን መንጃ ፈቃድ «መንጋ ይነዳ ዘንድ ተፈቅዶለታል» ብለው ተርጉመውለት፣ ሰውዬው የእንስሳት ሀብት ቢሮ ሲመላለስ ጫማው አልቋል። አንዲት ነርስንም «እህት» ብለዋታል። እሷ እንኳ ዕድለኛ ናት፤ ነርሱን ሁሉ ሲስተር ስለምንል ማንም ልብ ሳይላት አለፈች።

ጋሼ ትርጉሙን ተቀብሎ ኮፒ ለማስነሳት ወደ ሱቄ መጣ። ማኅተሙ በደንብ ተመቷል፣ ፊርማውም ያምራል። ከፊርማው በላይ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሰው እጅ የተጫነበት የሚያብለጨልጭ የናስ ሰው ነው።» ሳቅ አፈነኝ። ጋሼ አልሳቀም።

«አንቺ፣ እኔ ሐውልት ነኝ እንዴ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ዕብራይስጥ የሚናገሩ ሰዎች ኤሌክትሪክን ሐሽማል ይሉታል። ቃሉ ግን የጥንት ነው። ዓለም ኤሌክትሪክን ከማወቋ በፊት፣ በራእይ ስለታየ አንድ የሚያበራ ነገር ተነግሮበታል፤ ሊቃውንቱም የሚያብለጨልጭ ናስ ብለው ፈተውታል። «ፈቃድ ያለው» የሚለውም የዛሬ ቃል ሥሩ ሲቆፈር እጅ ጭኖ መሾም ላይ ያደርሳል። አባ ማኅተም ደግሞ ሥር ሳይቆፍሩ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ሰው አይደሉም።

ተያይዘን ሄድን። ቢሯቸው ጠባብ ናት፤ ባለጉዳይ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ መጻሕፍት አንስተው እኔን አስቀመጡኝ።

«መምህር፣ ሐሽማል ማለት እኮ ኤሌክትሪክ ነው። ይሄ ጣሪያዎ ላይ ያለው» አለ ጋሼ።

ቀና ብለው አዩ። «ይሄ አምፖል ነው ልጄ።»

«ውስጡ የሚሄደው!»

«እሱን አይቼው አላውቅም።»

ጋሼ ከሻንጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር መታወቂያውንና የሥራ ቦታ ፎቶውን አውጥቶ ዘረገፈላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ተመለከቱለት። ከዚያ እጁን ያዙት። «እውነተኛ ሰው መሆንህን ዓይንህ ይናገራል። ግን ባለጉዳይ ጻፍ ያለኝን ከጻፍኩ፣ ነገ ደግሞ አንዱ መጥቶ ሐኪም ነኝ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? የማልኩት የማውቀውን ልጽፍ ነው።»

ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት፤ ግን እውነት አላቸው። ውሸታም ቢሆኑ ኖሮ በገንዘብም፣ በዘመድም፣ በልመናም ይለዝቡ ነበር። ሐቀኛ ሰው ሲሳሳት ግን መግቢያ ቀዳዳ የለውም።

ፈቃድ መስጫው ቢሮ ገባን። ኃላፊዋ ጠረጴዛዋ የሚያብረቀርቅ፣ ድምፅዋ የማይሞቅ የማይበርድ ሴት ናት። ትርጉሙን አነበበችና ቅንድቧ እንኳ አልተነሳም።

«የናስ ሥራ በሦስተኛው መስኮት ነው።»

«እህቴ፣ ትርጉሙ ተሳስቷል» አላት ጋሼ።

«የሕጋዊ ተርጓሚን ቃል መቃወም የሚችለው ሌላ ሕጋዊ ተርጓሚ ብቻ ነው።»

«ሌላ የዕብራይስጥ ተርጓሚ የት አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሲኖር ይምጡ።»

ሲኖር! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ቱግ ብዬ ልናገር ስል ጋሼ ክንዴን ያዘኝ። ሽቦ የት ጋ እንደተበጠሰ ሲፈልግ እንደሚያደርገው ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ አለ። «ሌላው ተርጓሚ እኔው ብሆንስ?» አላት። ኃላፊዋ የደንቡን መጽሐፍ ወደፊት ገለጠች፣ ወደኋላ ገለጠች። «ደንቡ አይከለክልም። ፈተናውን ማለፍ ነው» አለች። የደንብ ቀዳዳ አግኝቶ በደስታ ያልሰከረ ባለጉዳይ የለም፤ እኔም ሰከርኩ።

ፈታኙ ማን ይመስላችኋል? አባ ማኅተም ናቸው፤ ሌላ ማን አለና። ጋሼ ዕብራይስጥ እንደ ውሃ ይናገራል፤ ፎርማን ሰድቦበታል፣ ከቤት አከራይ ተጨቃጭቆበታል፣ በወረፋ ላይ ተጋፍቶበታል። ፈተናው ግን ስለ ፎርማን አልነበረም። ሽማግሌው ከጥንቱ መጽሐፍ አንድ ገጽ ከፍተው ፊቱ አስቀመጡለት። ያ ገጽ የራእዩ ገጽ ነው። ሐሽማል መሐሉ ላይ ቁጭ ብላለች። ተንኮል አልነበረበትም፣ ሽማግሌው ተንኮል አያውቁም። እጅግ የሚወዱት ገጽ ስለሆነ ነው ለሚወዱት ተፈታኝ የመረጡለት።

ጋሼ ብዕሩን ይዞ ላቡ በጀርባው እንደወረደ በኋላ ነገረን። ኤሌክትሪክ ብሎ ቢጽፍ፣ ነቢዩ በሰማይ የመብራት ምሰሶ ሊያይ ነው፣ እሱም ሊወድቅ ነው። ናስ ብሎ ቢጽፍ ያልፋል። «ደግሞም እዚያ ቦታ ላይ ትክክሉ ናስ ነው። የጥንቱን በጥንቱ፣ የዛሬውን በዛሬው መተርጎም ነው ያለብኝ» አለን። እትዬ «ዋናው ማለፍህ ነው» አለችው። ናስ ብሎ ጽፎ አለፈ። አባ ማኅተም «ሞቼ ዕብራይስጥ ከተማውን ጥሎ ይሄዳል ብዬ ስሰጋ ነበር» እያሉ አለቀሱና አዲሱን ማኅተም በገዛ እጃቸው አንገቱ ላይ አጠለቁለት። እኔ ሱቄን ዘግቼ ጎረቤቱን ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ።

በማግስቱ ሁለተኛው የከተማው የዕብራይስጥ ሕጋዊ ተርጓሚ የመጀመሪያ ሥራውን ሠራ፤ የመጀመሪያውን ተርጓሚ ቃል በጽሑፍ ተቃወመ። «ሐሽማል በዛሬው ዕብራይስጥ ኤሌክትሪክ ነው» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበት። በዚህ መሐል የሆስፒታሉ መሐንዲስ በየጊዜው ይደውላል፣ ጋሼም «ደረሰ፣ ደረሰ» ይለዋል።

ኃላፊዋ አስጠራችን። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ወረቀት አስቀምጣለች፤ አንዱ የጋሼ ተቃውሞ ነው፣ ሌላውን አላወቅነውም ነበር። እሱን ወደ ጋሼ ገፋ አደረገችው።

«ይህ የእርስዎ የፈተና ወረቀት ነው?»

«አዎ።»

«የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሐሽማል የሚለውን ምን ብለው ነው የተረጎሙት?»

ጋሼ ወረቀቱን ሳያነሳ አየው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታማ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ምን ያሸዋል?

«ናስ» አለ በለሆሳስ።

«እንግዲህ ሁለቱ ሕጋዊ ተርጓሚዎቻችን ተስማምተዋል» አለች ኃላፊዋ። «ቢሮው በዚህ ቃል ላይ ጥርጣሬ ነበረበት፤ አሁን ግን እርስዎ አጸኑልን። ጉዳዩ ተዘግቷል።»

«ያኛው የጥንት መጽሐፍ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ይሄኛው የሥራ ወረቀት ነው! አንድ አይደሉም!»

«ቋንቋው ሁለት ነው እንዴ?» አለችኝ።

አዎ ብል ሁለት ተርጓሚ አምጪ ልትለኝ ነው፤ አይደለም ብል ናስ ነው። ጋሼ ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቃት።

«የናስ ሠራተኛ ፈቃድ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እሱማ ዛሬውኑ ይደርሳል።»

የናስ ሠራተኛ ፈቃዱን ይዘን ወጣን፤ ለሆስፒታሉ መብራት ግን አይሆንም። ጋሼ የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ስልኩ ጮኸ። መሐንዲሱ ነበር። ጋሼ ስሙን አይቶ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

«አንቺ አናግሪው። እኔ አፌ እምቢ አለኝ።»

አነሳሁትና እህቱ መሆኔን ነገርኩት። መሐንዲሱ ደስ ብሎት ነበር። ነገ ይከፍታሉ፣ የመጀመሪያዋ ወላድ ገብታለች፣ ጋሼ ዛሬ ማታ ይጀምርላቸዋል። ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ይምጣ አለ።

«ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት።

ድንግጥ ብሎ «ምነው፣ ወንድምሽ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ተርጓሚ ሆነ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።