ውጫሌን አሸንፈን ያልጨበጥነው እጅ

ዛሬ የኛ ሐይቅ ከተማ የአምባሰሏን ውጫሌ በእግር ኳስ አንድ ለዜሮ አሸነፈ። ጎሏ ስትገባ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ አልቅሻለሁ፤ ሰውዬውም ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም።

በኛና በነሱ መካከል አንድ ወግ አለ። ያሸነፈው ደጋፊ ሜዳውን ተሻግሮ የተሸነፈውን ይጨብጣል። ስንት ዓመት ሙሉ የተሻገሩት እነሱ ናቸው።

ከፊት ሁልጊዜ የውጫሌው እህል ነጋዴ ጋሽ ሙሄ ነበሩ። "አብሽሩ ልጆቼ፣ ለከርሞ ኢንሻአላህ የናንተ ነው" ይሉናል።

ዛሬ ከርሞው ደረሰ። እኛ ግን ፊሽካው እንደተነፋ ባጃጅ ላይ ተንጠልጥለን ከተማውን መዞር ጀመርን።

ወጉ ትዝ ሲለኝ ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ሚኒባሳቸው ሄዷል፤ የቀረው የሜዳው ጠባቂ ብቻ ነው።

"ጋሽ ሙሄስ?" አልኩት።

"ሾፌሩን 'ቆይ፣ ይመጣሉ' እያሉ ሲያስጠብቁት ቆይተው ሄዱ።"

"ተቀየሙን?"

"ኧረ ወላሂ! 'በልጆቹ አትፍረዱ፣ ማሸነፍ አልለመዱም' ነው ያሉት።"

ቢቀየሙን ይሻለኝ ነበር።

ነገ ውጫሌ እሄዳለሁ። እስከዚያው፣ አሸንፎ ያፈረ ካለ ኮሜንት ላይ ብቅ ይበል፤ ብቻዬን አትተዉኝ።