የማርያም ተረኞች

ሰው እያረጀ ሲሄድ ቀኑ ይሮጥበታል ይባላል። እኔ መሮጥ የጀመረብኝ መቼ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። የእናቴ ማኅበርተኞች ማለቅ ሲጀምሩ ነው።

እናቴ የማርያም ጽዋ ማኅበር ነበራት። ወር በገባ በሃያ አንድ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፤ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል። አሥራ ሁለት ነበሩ። ሁሉም ከአቃቂ ድልድይ ወዲህ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ የሚኖሩ የፋብሪካ ሰዎች ናቸው። ወሩም አሥራ ሁለት፣ ሰዉም አሥራ ሁለት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ወር ደርሶታል። ጳጉሜ ሃያ አንድ ስለሌላት ከድግስ ተርፋለች። የኛ ወር ሐምሌ ነበረች።

ሐምሌ ማለት ጭቃ ነው። የአቃቂ ጭቃ ደግሞ ጫማ ከያዘ አይለቅም። እናቴ ለዚያ ቀን ብላ ኮንጎ ጫማ ትገዛልኝ ነበር፤ "ታድግበታለች" እያለች ሰፋ ያለውን ትመርጣለች። የሚመጣው ሐምሌ ሲደርስ ያው ጫማ አውራ ጣቴን ይነክሰኛል። በሐምሌና በሐምሌ መሀል የነበረው ጊዜ ይህን ያህል ነበር፤ ሰፊ ጫማ የሚያጠብብ። አሁንማ እግሬ ማደጉን ካቆመ ስንት ዘመኑ! ገና ትናንት የገዛሁት ነው ስል ሶሉ ተገንጥሎ አገኘዋለሁ።

ያኔ ከመስከረም ጀምሬ "ማርያማችን መቼ ናት?" እያልኩ እጠይቃለሁ። እናቴ ከፈረቃ ስትወጣ እንኳን ለኔ መልስ ልትሰጥ ነጠላዋን ለመስቀል አቅም የላትም። ስለዚህ የምጠይቃቸው ጓደኛዋን ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ የሚጎራበቱንን፣ አብራት ፋብሪካ የሚውሉትን፣ እኛ ልጆች "እማማ" የምንላቸውን። እማማ መልሳቸው አንድ ነው። "ቅርብ ናት። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ።" ጨፍኜ እገልጣለሁ። ምንም የለም። ያው መስከረም ነው። "እማማ ውሸታም ናቸው" ብዬ ለእናቴ የነገርኳት ቀን ጆሮዬን ይዛ ያዞረችኝን አዟዟር እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እናቴ ስታርፍ በቦታዋ እኔ ገባሁ። ማኅበር እንደ ቤት ይወረሳል፤ የቤት ያህል ግን ተሻሚ የለውም። ሌሎቹም ተራ በተራ ሄዱ። የአንዱ ልጅ አረብ አገር ነው፣ የሌላዋ ልጅ "ጊዜ የለኝም" አለ፣ የአንዷ ጭራሽ ልጅም አልነበራት። መጀመሪያ አንድ ሰው ሲጎድል ተራው በዓመት መሆኑ ቀረና በአሥራ አንድ ወር መጣ። ሐምሌም ከእጃችን ወጣች፤ አንዴ ሰኔ፣ አንዴ ግንቦት እየሆነ ተራችን መንከራተት ያዘ። ከዚያ ዘጠኝ ሆንን። ከዚያ ስድስት። ሰው በቀነሰ ቁጥር ተራው ይፈጥናል። የቀብር መልስ ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ "እንግዲህ ተራዬ ደግሞ ሊቀርብ ነው" ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሁን ሦስት ነን፤ እኔ፣ እማማ እና ጋሼ። ጋሼ የፋብሪካውን ሰርቪስ ሲነዱ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህም መንገድ ላይ ያገኙትን ሹፌር ሁሉ የሚሳደቡ ሰው ናቸው። እማማ ዛሬም እዚያው ከሐዲዱ ጀርባ፣ በዚያችው ቤት ብቻቸውን አሉ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቻለሁ፤ መሥሪያ ቤቴ ሳሪስ ነው። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ፣ ማታ ታክሲ ሰልፍ። ሰልፍ ላይ ስቆም ደቂቃዋ አትንቀሳቀስም፤ ሰኞ ብዬ የተነሳሁት ሴትዮ ግን ቀና ስል ዓርብ ሆኗል። ቀኑ አይመሽ፣ ዓመቱ አይቆይ! ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አይገባኝም። ብቻ ደክሞኛል። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፤ እማማ ያኔ አልዋሹኝም ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በፈረቃና በልጆች መሀል፣ ለሳቸው ሐምሌ እውነትም ቅርብ ነበረች።

እማማ ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህ ማኅበሩ የሚሰበሰበው ሁልጊዜ እሳቸው ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ ማን ይወጣል? ተረኛው የደገሰውን ተሸክሞ ወደዚያ ይሄዳል። ጽዋውም ከብፌያቸው ላይ፣ ነጭ ጨርቁን እንደለበሰ ከቀረ ቆየ። ድሮ ጽዋው ያለበት ቤት ተረኛ ነው፤ ክርክር የለም። አሁን የሚያስታውሰን ነገር ስለሌለ ማስታወስ ያለብን እኛው ነን። እኛ ደግሞ!

ያለፈው ሰኔ ሃያ አንድ ሲቃረብ ተራው የኔ ነው ብዬ ደመደምኩ። የደገስኩት ትናንት ነው የሚመስለኝ፤ ነገር ግን ትናንት የመሰለኝ ነገር ሁሉ ሦስት ወር ሆኖት ስለማገኘው ይኸኛውም ሦስት ወር ሆኖታል አልኩ። ጠላውን በረንዳ ላይ ጣልኩት፤ ጎረቤቴ "የምን ሽታ ነው?" እያለች ሳምንቱን ሙሉ ፊቷን አጠቆረችብኝ። ሊጡን ዳቦ ቤት ወስጄ አስጋገርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ድፎ ዳቦዬን አቅፌ፣ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ "ማዘር፣ ጀሪካኑ እኮ ወንበር ይዟል፤ የሁለት ሰው ነው" አለኝ። ከፈልኩ። ለጭቅጭቅ ጉልበት አልነበረኝም። እስክደርስ ድረስ ለእማማና ለጋሼ የምለውን በሆዴ እያጠናሁ ሄድኩ፤ ማኅበሩ ከእንግዲህ በሦስት ወር አንዴ ይሁን ልላቸው ነው። ይፍረስ አላልኩም፣ ይቅር አላልኩም። ትንሽ እንተንፍስ ነው ያልኩት። ሦስት ወር እንደሆነ ምን አላት? ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ናት።

የእማማን በር ገፋ ሳደርግ ጠረጴዛው ላይ የኔን እጥፍ የሚያህል ድፎ ዳቦ ተቀምጧል። ጠላው በእንስራ፣ ቄጤማው መሬት ላይ፣ እማማ ነጭ በነጭ ለብሰው ወንበራቸው ላይ።

"ምንድነው የተሸከምሽው?" አሉኝ።

"ተራዬ አይደል እንዴ እማማ!"

"የምን ተራሽ? ተራው የኔ ነው። ከደገስኩ እኮ ዘመን ሆነኝ! የጎረቤት ልጅ ለምኜ ነው ያስጠመቅሁት።"

"ኧረ በማርያም! በዚህ ጉልበትዎ…"

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ጋሼ ከዘራቸውን እያወዛወዙ፣ እጃቸው ባዶ፣ ፊታቸው ሙሉ ፈገግታ ሆነው ገቡ። ሁለቱን ዳቦ አዩ፤ ጀሪካኑን አዩ። "እሰይ! ሠርግ አለ ማለት ነው? ምነው ሳትነግሩኝ?" ብለው ጥሩውን ቦታ መርጠው ተቀመጡ።

ነገሩን የፈቱት ቄሱ ናቸው። ከሁላችንም በዕድሜ ያንሳሉ፤ ለዚህ ይሆናል ማስታወስ ያልተሳናቸው። "ሚያዝያን እሷ ደገሰች፤ ግንቦትን እማማ ደገሱ" አሉና ወደ ጋሼ ዞሩ። "የዛሬው ተረኛ እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? አባ፣ እኔ እኮ አሁን በቀደም ነው የደገስኩት!"

"መጋቢት ነው።"

"መጋቢት…" ጋሼ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ። "አቤት! ይሄ ዕድሜ የሚሉት ቁልቁለት ነው እኮ፤ አንዴ ከወረድክ ፍሬን አይዝም።"

"እርስዎ ይውረዱ" አሉ እማማ። "እኔ የቆምኩበት ቆሜያለሁ።"

ሳቅን። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ ግማሹ ድካም ነበር። ሁለት ድግስ፣ አራት ሰው! ቄሱ ሁለቱንም ዳቦ ባረኩ፤ በላን፣ ጠጣን፤ ለጎረቤት ሁሉ ጸበል ጸዲቅ አዳረስን፤ አሁንም ተረፈ።

ሁሉም ደስ እንዳላቸው ነው እንግዲህ ያን ያጠናሁትን ያወጣሁት። "ይኸው እንደምታዩት ነው" አልኳቸው፣ "ተራው እንኳን የማን እንደሆነ ጠፋን። ሁላችንም ደክመናል። በሦስት ወር አንዴ ብናደርገው ማርያም አትቀየመንም።"

ጋሼ "መልካም ሐሳብ ነው፤ እኔም እንዲህ ተራዬን እንዳልረሳ" አሉ። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። እማማ ቀሚሳቸው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ አንድ በአንድ እየለቀሙ መዳፋቸው ላይ አጠራቀሙ።

"ሦስት ወር?" አሉ።

"አዎ እማማ።"

"ሦስት ወር እኔ ከየት አመጣለሁ ልጄ?"

አልተቆጡም። ጨው አለዎት ወይ የተባለ ሰው አልቆብኛል እንደሚለው ነው ያሉት። ጋሼ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ።

"ይሮጣል ትላላችሁ፤ እሰማለሁ" አሉ ቀጥለው። "እናንተ ላይ ይሩጥ። እኔ ጠዋት ተነስቼ እዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ፀሐይዋ ከደጄ ተነስታ አጥሩ ጋ እስክትደርስ አያታለሁ። ከዚያ ደግሞ ማታ ይሆናል። በሩን የሚገፋ ሰው የለም። እዚህ ቤት የምትመጣ ሃያ አንድ ብቻ ናት። እሷን ከወሰድሽብኝ መኖሬን በምን አውቃለሁ?"

አፈርኩ። ደግሞም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ተናደድኩ፤ እሳቸው ላይ አይደለም፣ ይሄን ነገር እኛ ላይ ባመጣው ላይ፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም። ለኔ ዓይን ተጨፍኖ የሚገለጥባት ወር ለሳቸው ልክ እንደ ልጅነቴ ሐምሌ አልደርስ ያለች ሩቅ ናት። ያኔ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ እሳቸው ይሮጡ ነበር። አሁን ቦታ ተለዋውጠናል። "ተዉት እማማ፤ አላልኩም" አልኳቸው።

"ብለሻል" አሉኝ። "ግን ይሁን፤ ከመሞት መሰንበት ነው።"

ጋሼ ስለረሱት ሊክሱ ፈልገው "በሉ ሐምሌን ለኔ ስጡኝ" አሉ። እማማ ግን እጃቸውን አነሱ። "የለም። ሐምሌ የእናቷ ናት። ተራቸው ስንት ዓመት ሲንከራተት ኖሮ ዛሬ እግሩ ቦታው ላይ ወድቋል፤ እሷ ትድገስ።" ገና የዛሬው ጀሪካን አልታጠበም። ወገቤ ተቆርጧል። እሺ አልኩ።

እንግዲህ ይህቺ ሐምሌ እንደ ሌሎቹ ወራት አልሄደችም። ጠዋት ጠዋት ስልክ በጮኸ ቁጥር ከአቃቂ የተደወለ ይመስለኛል። ማታ ተኝቼ፣ እማማ ለሃያ አንድ ይደርሱ ይሆን እላለሁ። ቀኑን ከካላንደር ላይ ማየት ጀመርኩ። አሥር ነው ብዬ ስሄድ ስምንት፣ አሥራ አምስት ነው ብዬ ስሄድ አሥራ ሁለት ሆኖ ይጠብቀኛል። ስንት ዘመን ሲሮጥብኝ የኖረ ጊዜ እንዲህ ሲንቀራፈፍ አይቼው አላውቅም።

ዛሬ አሥራ ስምንት ነው። ጠላው በረንዳ ላይ ነው፤ ጎረቤቴ እንደገና አኩርፋለች፤ የሰኞ ፈቃዴን ጠይቄያለሁ። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ዝናቡ ከጃንጥላው ጫፍ ጫማዬ ላይ እየተንጠባጠበ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የእማማ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ሳላነሳው ቀረሁ። መልሰው ደወሉ።

"ደህና ነዎት እማማ? ምን ሆኑ?"

"ምን እሆናለሁ። ማርያማችን መቼ ናት?"

ያን ሁሉ ዓመት እሳቸውን የጠየቅኋቸውን ነው የጠየቁኝ። "ቅርብ ናት" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሁሉም ሰው የሚመልሰው እሱን ነው፤ እናቴም በሕይወት ብትኖር እሱን ነበር የምትላቸው።

"ሩቅ ናት እማማ" አልኳቸው። "ይጠብቁኝ።"