ወደ ደረት የዞረ ወርቅ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በምትሄደው ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት፣ ከማተባቸው ጋር አንድ የወርቅ ሳንቲም አንጠልጥለዋል። ነጠላቸው በመታጠብ ብዛት ሳስቷል፤ ወርቁ ግን ያበራል። መኪናዋ ጉድጓድ ላይ በነጠረች ቁጥር ሳንቲሙ ይገለበጥና የንጉሡ መልክ ብቅ ይላል። እሳቸውም ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ በአውራ ጣታቸው መልሰው ወደ ደረታቸው ያዞሩታል።

አላስቻለኝም።

«እማማ፣ እንዲህ ያለ ጌጥ ለምን ይደብቁታል?»

«የንጉሡ የልደት በዓል መታሰቢያ ነው፤ ባለቤቴ ወታደር ሳለ የተሸለመው» አሉኝ። «ንጉሡ የወረዱ ጊዜ፣ ደርግ እንዳያይብሽ ብሎ በገዛ እጁ መልኩን ወደ ውስጥ አዙሮ አሰረልኝና በነቀምት መንገድ ዘመተ።»

«ደርግ እኮ ከወደቀ ቆየ! አሁን ማን ይከለክልዎታል?»

እንደ ሕፃን አዩኝ።

«ማንም አይከለክለኝም፣ ልጄ። ያዞረው እጅ መጥቶ ይመልሰው እንጂ!»

ቡሬ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ገበያው ተጣደፈ። እሳቸው ግን መገንጠያው ላይ ቆመው፣ ከነቀምት በኩል ከመጣው አውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ፊት ፊቱን ያዩ ጀመር። ጎረምሳውን ዝም ብለው ያሳልፉታል። ሽማግሌ በወረደ ቁጥር ግን እጃቸው ወደ አንገታቸው ይሄዳል።