የሲናን ክር የቆረጠችው ሸዋረጋ

ጁን 15 ቀን 2024፣ ኦክላንድ ሌክ ሜሪት ዳር የተጀመረው የልጆች ሩጫ አላለቀም። ያቋረጠችው እህቴ ሸዋረጋ ናት። ቀብሯ ላይ «ኋላ እኮ ከልጇ አማት ጋር ታርቀው ነበር» ስትሉ የነበራችሁ ሁሉ ተሳስታችኋል። አልታረቁም።

ሸዋረጋ ሳን ሆዜ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው ስትንከባከብ ኖራለች። ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ጉልበቷ አልቆ ታነክስ ነበር። አንድ ልጇ ብሩክታዊት፣ ማክሳት የሚባል ኪርጊዛዊ ስታገባ ሰርጉን ፊቷን ሳትፈታ አሳለፈችው። የማክሳት እናት ዳሪካም ሸዋረጋን ገና ከመጀመሪያው አልወደደቻትም።

የልጅ ልጃቸው ሲና መራመድ ስትጀምር ዳሪካ በአገሯ ወግ ደገሰች። የሕፃኗ እግሮች ጥቁርና ነጭ ሆኖ በተገመደ ክር ይታሰራሉ፤ ልጆች ከሩቅ ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ክሩን ይቆርጣል። ሕፃኗ ከዚያ ወዲያ ሳትደናቀፍ ትሄዳለች፣ አካሄዷም የቆረጠላትን ሰው ይመስላል ብለው ያምናሉ። ይህን ለሸዋረጋ ያስረዳት አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም። በቸርቿ እስራት የሚባለው የሰይጣን ሥራ ነው። የታሰሩትን እግሮች ስታይ፣ ሯጮቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ፣ መቀሱን አንስታ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ክሩን ቆረጠችው።

ልጆቹ መሀል ሜዳ ላይ ቆሙ። ዳሪካ እያለቀሰች ተናገረች፤ ማክሳት አንገቱን ደፍቶ ተረጎመው። «ይህ ሁሉ እግር እያለ የአንካሳዋን ሰጠቻት።»

ሸዋረጋ ወደ ልጇ ዞረች። «ንገሪያት፤ እኔ በዚህ እግሬ ቆሜ ነው ልጅ ያሳደግኩት። የሷ እግር ከሶፋው ተነስቶ የት ደርሶ ያውቃል?»

ብሩክታዊት አልተረጎመችም። «ማሚ፣ ሶሪ ሳትያት ቤቴ እንዳትመጪ።»

«ለክር?»

ይቅርታ አልጠየቀችም። ዳሪካ ሥርዓቱን በሌላ ቀን ስታስደግም አልተጠራችም። ይቅርታ እንድትጠይቅ ብለምናት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ኦክቶበር ላይ፣ በድንገት ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት፣ ለሲና ጫማ ገዝታ ኦክላንድ ሄደች። የሆነውን የልጇ የበር ካሜራ ቀርጾታል፤ አይቼዋለሁ። የከፈተችው ዳሪካ ነበረች። ሰላም አልተባባሉም። ዳሪካ አዲሱን ጫማ አውጥታ፣ በሩ ሥር ከነበረው የሲና ጫማ ጋር ሶል ለሶል ገጠመችው። አዲሱ አጠረ። ሸዋረጋ ልጅቷን ካየቻት ከርማ ስለነበር እግሯ ምን ያህል እንዳደገ አታውቅም። ዳሪካ ካርቶኑን መለሰችላትና በሩን ዘጋች።

ሸዋረጋ በዚያ ትራፊክ ሳን ሆዜ ድረስ ተመልሳ ጫማውን በትልቅ ቁጥር ለወጠች፤ ሳይመሽም አምጥታ፣ አሁንም ሰላም ሳትል፣ ለዳሪካ አስረከበች።