ኢሶጋይ የሚጠላው ፈረስ

ኢሶጋይ አፈ ጮሌ ነው። በጃፓኗ ኪዩሹ ደሴት፣ ባሕሩ ዳርቻ ባለችው ትንሽ የፈረስ ውድድር ሜዳ፣ የቢራ ሣጥን ላይ ቆሞ ያሸንፋል የሚለውን ፈረስ ስም በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ ይሸጣል። የመሸጫ ፈቃዱን ደረቱ ላይ አንጠልጥሏል። ፈቃድ ያለው ሰው ራሱ እንዳይወራረድ ሕግ ይከለክለዋል፤ እሱ ግን ይህችኑ እንደ ጽድቅ ቆጥሯት፣ «እኔ ሳንቲም አላስይዝም! ለናንተ ብዬ ነው የምለፋው!» ይላል፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ምን ልፋት አለው እቴ! «በጆሮዬ ሹክ አለኝ» የሚለው የጋጣ ሠራተኛ ጡረታ ወጥቶ ሽንኩርት መትከል ከጀመረ ስንት ዘመኑ። ኢሶጋይ ፈረሶቹን ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ስሙ ደስ ያለውን ያሞግሳል፣ ያላማረውን ይሰድባል። ሰዉም አይማርም! ከከሰረ በኋላ ሜዳው ውስጥ የሚሸጠውን የሆድ ዕቃ ቅቅል እየበላ ሲረግመው ይውልና፣ በማግሥቱ «መምህር» እያለ ይሰለፋል።

አንድ ቀን ከሰልፉ መሀል ሚስቱን ቶሚዬን አያት። ክው አለ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እዚያ ግቢ ረግጣ አታውቅም። በእጇ የያዘችውን ፖስታም አወቀው፤ አውሎ ነፋስ ለገነጠለው ጣሪያቸው ማሠሪያ ያስቀመጡት ገንዘብ ነው። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል።

ከሣጥኑ ወርዶ ጆሮዋ ሥር ገባ። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ሂጂ ወደ ቤትሽ! የምሸጠው ሁሉ ውሸት ነው፤ ምንም አላውቅም» አላት። ይህን ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች ቶሚዬ፣ ድምጿን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ። «እራት ላይ የምትሰድበውን ፈረስ ሰምቼ አይደል ጠዋት ዓሣ ገበያው አጠገብ ካለው የመወራረጃ ቢሮ ሄጄ በዚያው ፈረስ ላይ የምወራረደው? ልጆቹን በምን ያስተማርን መሰለህ፣ በብጣሽ ወረቀትህ? ትናንት ጉሮሮህን አሞህ ዝም ስላልክ ነው የመጣሁት። በል ንገረኝ፣ ዛሬ የትኛውን ጠላህ?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ዓሣ አጥማጁ ዋኩይ፣ «ኧረ እትዬ፣ ለኛም ይንገረን እንጂ! ለካ ገልብጠን ነበር ማንበብ የነበረብን!» አለ።

ኢሶጋይ ኩም አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ግን ጣሪያው አሳሰበው። የዚያን ቀን ጠዋት በሜዳው በር ላይ አንድ ፈረስ እግሩን ሊረግጠው ሲል ቀና ብሎ አይቶት ነበር፤ ሰባት ቁጥር ነው፣ ኋላ እግሩን ይጎትታል።

«ቶሚዬ፣ ስሞትልሽ! ሌላ የፈለግሽው ላይ አስይዢ፣ ሰባትን ብቻ እንዳትነኪ! ያነክሳል! በዓይኔ በብሌኑ ነው ያየሁት!»

«እሰይ! እንዲህ ጠልተህም አታውቅ!» አለችና ወደ መወራረጃው መስኮት ሮጠች። ሰልፉ ተግተልትሎ ተከተላት። የሱን ብጣሽ ወረቀት የገዛ አንድም ሰው የለም።

ሰባት ቁጥር እያነከሰ መጨረሻ ወጣ።

ዋኩይ መጥቶ ሣጥኑን በእርግጫ አለው። «አጭበርባሪ! እንዴት እውነት ትነግረናለህ?»

ቶሚዬ ግን አልጮኸችም። ባዶውን ፖስታ አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችና፣ «ዕድሜዬን ሙሉ አምኜህ ኖሬ፣ ዛሬ ትከዳኛለህ?» አለችው።