ውባለምን ክርስትና ያነሳሁ ዕለት

ባለፈው እሑድ የክርስትና ልጄ የውባለም የልጅ ልጅ ክርስትና ስትነሳ ደብረ ማርቆስ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የክርስትና እናቷ ለጋ ወጣት ናት። ካህኑ «አምናለሁ በይ» ሲሏት ውሃ እንደጠማው ሰው በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ አደረገችው። ሳቄ መጣ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ገላመጡኝ። እኔ ያቺን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንዳማጥሁ አያውቁማ!

ጊዜው ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ነው። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር ነበር የምንኖረው። ወንድሜ አያሌውና የጓደኛዬ የጥሩወርቅ ባል አብረው ሸፈቱ። እኔ ወንድሜን በሰላም ከመለስሽልኝ ብዬ ለማርያም ጃንጥላ ተሳልሁ፤ ጦሙንም ስግደቱንም ሳላጓድል ለመንሁ። ጥሩወርቅ የተባረከች ናት፣ እንኳን ልትሳል ጦሙንም በወጉ አትጦምም ነበር። የእሷ ባል ተመለሰ። የአያሌውን መርዶ ይዞልኝ የመጣውም እሱው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት እጦማለሁ፣ አማትባለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን የሚሰማኝ የለም እል ነበር። ጥሩወርቅን ሳይ ሆዴ ይቆስላል። ደግሞ እወዳታለሁ፤ ምን ላድርግ? ሴት ልጅ ወልዳ ትንሽ እንደጠናች ቀጥ ብላ እኔ ቤት መጣች።

«ክርስትና አንሺልኝ።»

«ሌላ ፈልጊ፣ ጥሩ። እኔ አልሆንም።»

«ሌላ አልፈልግም። የአያሌው እህት ናት የምታነሳልኝ» አለችና ልጅቱን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ ወደ እሳቱ ዞረች። ችክ ስትል የሚያህላት አልነበረም።

ሰማንያ ቀኗ የሞላው በኅዳር መጨረሻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ተቃጥሎ ታቦቱ ዋሻ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ፀሐይ ሞቅ ካለ አውሮፕላን ስለሚያንዣብብ ውርጩ ሳይለቅ ወደ ዋሻው ወጣን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ሣሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ልጅቱ በጋቢ ተጠቅልላ ደረቴን ታሞቀዋለች። ወተት ወተት ትሸት ነበር።

ቄሱ አባ ገብሬ ወደ ምዕራብ አዞሩኝና ሰይጣንን ካጂ አሉኝ። እሱስ አላቃተኝም። ጣሊያኑን በልቤ ጨምሬ ዋሻው እስኪያስተጋባ ካድሁት። አባ ገብሬ እንኳ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አዞሩኝ።

«አምናለሁ በይ።»

ዝም አልሁ። ደገሙልኝ፤ አሁንም ዝም። ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። የጥሩወርቅ ፊት አመድ መሰለ። ልጄ ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ ብላ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሕፃን በትንሽ ነገር ይሞት ነበር።

«አባ» አልሁ በሹክሹክታ፣ «እኔ ማመኔን እንጃ። ያላመንሁትን እንዴት ብዬ ለልጅቱ ልመስክር?»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጠጋ አሉኝ።

«አያሌውን ያጠመቅሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ከሞተ ወዲህ ቅዳሴ ስጀምር ድምፄ እምቢ የሚለኝ ቀን አለ። አሁን ግን ይቺ አፍ የላትም። አፍሽን አውሺያት። ያንቺን ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን።»

«አምናለሁ» አልሁ። ድምፄ የበሽተኛ ድምፅ ነበር። ከውሃው አውጥተው እጄ ላይ ሲያኖሯት እየተንቀጠቀጠች ጣቴን ጨበጠችና አልለቅም አለች። ጦም ስለነበር ድግሱ የባቄላ ንፍሮና ጠላ ብቻ ነው፤ ግን እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ከአባ ገብሬ ጋር ሳንነጋገር ቀረን፤ ጣሊያን በወጣ ማግሥት አረፉ። የክርስትና እናት ሥራዋ ግን ማንሳት ብቻ አይደለም። ውባለም አፏን ስትፈታ አቡነ ዘበሰማያትን ማስጠናት የእኔ ፋንታ ሆነ። ቃል በቃል እላለሁ፣ ትከተለኛለች። ስሰንፍ ነጠላዬን ትጎትታለች። አንድ ማለዳ እሷ እንደ ወትሮው እኔ ዘንድ ሳይሆን እናቷ ዘንድ አድራ፣ እኔ ብቻዬን ደጅ ቆሜ እየደገምሁ መሆኔ ድንገት ታወቀኝ። የማስጠናው ሰው አልነበረም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

እሑድ ዕለት ውባለም በምን እንደሳቅሁ ስትጠይቀኝ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ፀጉሯ ዛሬ ከእኔ ይልቅ ነጭ ነው። ማርያም ወንድሜን ለምን እንዳልመለሰችልኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ስሞት ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ አልኋት።

አማተበች። «እናቴ፣ እዚያም ሄደው ሊጨቃጨቁ ነው?»

«አዎ» አልኋት። «አያሌውም አጠገቧ ቆሞ ይሰማናል።»